ስለ ካናዳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ታሪኳ፣ ምድሯና ሕዝቧ

ለዜግነት ፈተና የሚያነቡ፣ ገና ካናዳ የገቡ፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘው የሚመጡትን ጥያቄ መመለስ የሚፈልጉ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለፈተናው ቀንና ስም መሸምደድ ይበቃ ይሆናል። አገሪቱን ለማወቅ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ልብ ማለት ይረዳል። ካናዳ በአንድ አብዮት ወይም በአንድ ድል የቆመች አገር አይደለችም፤ ውል በውል ላይ፣ ድርድር በድርድር ላይ እየተደረበ የተሠራች ናት። ማን ለድርድሩ እንደተጠራ፣ ማን ሳይጠራ እንደቀረ፣ የትኛው ውል እንደተከበረና የትኛው እንደታጠፈ ያወቀ ሰው የዛሬው ዜናዋ ሳይቀር ይገባዋል።

ካናዳ ነጻነቷን ያገኘችው መቼ ነው?

ለዚህ አንድ ቀን መስጠት አይቻልም። ጁላይ 1 የሚከበረው የካናዳ ቀን በ1867 ኦንታሪዮ፣ ኩቤክ፣ ኒው ብራንዝዊክና ኖቫ ስኮሺያ በአንድ ፌዴሬሽን የተጣመሩበት ዕለት ነው። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ማክዶናልድ ነበሩ። ያኔ ግን የውጭ ጉዳይዋን የምትመራው ብሪታንያ ነበረች። በ1914 ለንደን በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ ካናዳም ሳትጠየቅ ጦርነቱ ውስጥ ገባች፤ ከ60,000 በላይ ልጆቿንም አጣች። በ1917 አራቱ የካናዳ ክፍለ ጦሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተሰልፈው ፈረንሳይ ውስጥ የቪሚን ኮረብታ ያዙ። ካናዳውያን ያንን ውጊያ ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ማየት ከጀመሩባቸው ቀኖች ይቆጥሩታል።

በ1931 የወጣው የዌስትሚንስተር ሕግ የብሪታንያ ፓርላማ ካናዳ ሳትስማማ ሕግ እንዳያወጣላት ደነገገ። ስለዚህ በ1939 ብሪታንያ ሴፕቴምበር 3 ጦርነት ስታውጅ ካናዳ አንድ ሳምንት ቆይታ፣ በራሷ ፓርላማ ተወያይታ፣ ሴፕቴምበር 10 አወጀች። ያቺ ሳምንት ሆን ተብላ የተወሰደች ናት። የካናዳ ዜግነት የሚባለው ነገር ራሱ በሕግ የተፈጠረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1947 ነው፤ ከዚያ በፊት ሕዝቡ የብሪታንያ ዘውድ ተገዥ ነበር።

ከዚያም በኋላ ሕገ መንግሥቷን ለማሻሻል የለንደን ፓርላማ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። ይህ ያበቃው ንግሥት ኤልሳቤጥ ኤፕሪል 17 ቀን 1982 ኦታዋ ላይ ሲፈርሙ ነው፤ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተርም አብሮ ጸደቀ። የኩቤክ መንግሥት በዚያ ስምምነት ላይ አልፈረመም፤ እስከ ዛሬም አልፈረመም። ሕጉ ግን ኩቤክ ላይም ይሠራል።

ታዲያ አሁንም ንጉሥ አላት? ማን ነው የሚያስተዳድራት?

ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ የካናዳም ንጉሥ ናቸው። እሳቸውን ወክሎ ኦታዋ ላይ የሚሠራው ጠቅላይ ገዥው ነው፤ በ2021 የተሾሙት ሜሪ ሳይመን ከነባር ሕዝቦች ወገን ለዚያ ሥልጣን የበቁ የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው። ሥልጣኑ በአብዛኛው የሥርዓት ነው። አገሪቱን የሚመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጎረቤት አሜሪካን እያየ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ የሚመርጥ ይመስለዋል። መራጩ የሚመርጠው የሰፈሩን የፓርላማ ተወካይ ብቻ ነው። የምክር ቤቱን ድጋፍ ያገኘው ፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል፤ ድጋፉን ካጣ ይወርዳል። ከ2025 ምርጫ ጀምሮ ወንበሮቹ 343 ናቸው። ሴኔቱ 105 አባላት አሉት፤ የሚሾሙ እንጂ የሚመረጡ አይደሉም፤ በ75 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ።

ለዕለት ኑሮ የሚጠቅመው ግን ሥልጣኑ እንዴት እንደተከፋፈለ ማወቅ ነው። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መከላከያ፣ የወንጀል ሕግ የፌዴራል ነው። ትምህርት፣ ሆስፒታል፣ መንጃ ፈቃድ የፕሮቪንሱ፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱ፣ ነው። ቆሻሻ ማንሳትና አውቶቡስ የከተማው ነው። የልጁ ክፍል በተማሪ ብዛት ሲጨናነቅ ለፌዴራል ተወካዩ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው።

ዋና ከተማዋ ለምን ቶሮንቶ ወይም ሞንትሪያል አልሆነችም?

ሁለቱም በየተራ ሆነው ነበር። ከ1841 ጀምሮ መንግሥቱ ከኪንግስተን ወደ ሞንትሪያል፣ ከዚያ በቶሮንቶና በኩቤክ ሲቲ መካከል ሲመላለስ ቆየ። በ1849 ሞንትሪያል ውስጥ የተቆጡ ሰዎች የፓርላማውን ሕንፃ አቃጠሉት። አንዱን ከተማ መምረጥ ሌላውን ማስቀየም ስለነበር ጉዳዩ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ተመራ፤ ንግሥቲቱም በ1857 ኦታዋን መረጡ። ከተማዋ ያኔ የእንጨት ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ኦንታሪዮና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩቤክ በሚገናኙበት ወንዝ ዳር መሆኗ፣ ከአሜሪካ ድንበርም ራቅ ማለቷ ለማስታረቅ አመቻት። በ1812 ከአሜሪካ ጋር የተጀመረው ጦርነት ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር።

በስፋት ከዓለም ሁለተኛ ሆና ሕዝቧ ለምን ጥቂት ሆነ?

ስፋቷ 9.98 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዘጠኝ ኢትዮጵያ ይወጣታል። ሕዝቧ ደግሞ 41 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሦስት ሰው ሁለቱ ከአሜሪካ ድንበር በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ይኖራል።

ምክንያቱን የሚነግረን መሬቱ ራሱ ነው። የአገሪቱን ግማሽ የሚጠጋው ክፍል ካናዲያን ሺልድ የሚባለው ጥንታዊ ዐለት ነው። ኒኬል፣ ወርቅና መዳብ ሞልቶበታል፤ ደንና ሐይቅ ሞልቶበታል፤ ለእርሻ የሚሆን አፈር ግን የለውም። ከዚያ በላይ ወደ ሰሜን መሬቱ ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ለም የሆነው የቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ ሸለቆ፣ ደቡብ ኦንታሪዮና የስንዴ አገር የሆኑት የማኒቶባ፣ የሳስካችዋንና የአልበርታ ሜዳዎች ናቸው። ወደ ምዕራብ የሮኪ ተራሮች ይነሳሉ፤ ከእነሱ ማዶ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ሰላማዊ ውቅያኖስ አሉ። ከፍተኛው ተራራ ግን ሮኪዎቹ ላይ ሳይሆን ዩኮን ውስጥ ነው፦ ማውንት ሎገን፣ 5,959 ሜትር።

አሥር ፕሮቪንሶችና ሦስት ቴሪቶሪዎች አሉ። ከታላላቆቹ አምስት ሐይቆች አራቱን ካናዳ ከአሜሪካ ጋር ትጋራለች፤ ሚሺገን ብቻ ሙሉ በሙሉ የአሜሪካ ነው። የሰዓት ቀጠናዎቹ ስድስት ናቸው፤ ኒውፋውንድላንድ ከጎረቤቷ በግማሽ ሰዓት ትቀድማለች።

ከሁሉም ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ኑናቩት ይመስለኛል። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ለዓመታት ተደራድረው ኤፕሪል 1 ቀን 1999 ከኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ተለይቶ ራሱን የቻለ ቴሪቶሪ ሆነ። ስፋቱ ሁለት ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2021 ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ 36,858 ብቻ ነው። ከተቀረው አገር ጋር የሚያገናኘው አንድም የመኪና መንገድ የለም። ምግቡ በአውሮፕላን ወይም በበጋ በመርከብ ይገባል፤ የወተትና የአትክልት ዋጋ እዚያ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

ቅዝቃዜው እንደሚወራው ነው?

እንደ ቦታው ነው። ቫንኩቨር ክረምቱ ከበረዶ ይልቅ ዝናብ ነው፤ ዊኒፔግና ኤድመንተን ግን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ዩኮን ውስጥ ስናግ በሚባል ስፍራ በፌብሩዋሪ 1947 ከዜሮ በታች 63 ዲግሪ ተመዝግቧል። ሙቀቱንም አይርሱት፦ በጁን 2021 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ያለችው ሊተን 49.6 ዲግሪ ደረሰች፤ በማግስቱ ሰደድ እሳት መንደሯን አወደማት።

ነባር ሕዝቦች የሚባሉት እነማን ናቸው? ምን ደረሰባቸው?

ሕገ መንግሥቱ ሦስት ይቆጥራል፦ ከሌሎቹ ሁለቱ ውጭ ያሉት ነባር ሕዝቦች በአንድነት የሚጠሩበት ፈርስት ኔሽንስ፣ የሰሜኑ በረዷማ ምድር ሰዎች የሆኑት ኢኑይት፣ እንዲሁም ከአውሮፓውያን የቆዳ ነጋዴዎችና ከነባር ሴቶች ዘር የተወለዱት፣ የራሳቸው ባህልና ቋንቋ ያላቸው ሜቲ። በ2021 ቆጠራ አንድ ላይ 1.8 ሚሊዮን፣ ከሕዝቡ 5 በመቶ ነበሩ። ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ ባህል፣ ብዙ የአስተዳደር ሥርዓት ያላቸው ሕዝቦች ናቸው፤ አንድ አድርጎ መጥራት ስሕተት ነው።

አውሮፓውያን ሲመጡ መሬቱ ባዶ አልነበረም። ብዙውም በጦርነት አልተወሰደም፤ በውል ነው የተወሰደው። ከ1871 እስከ 1921 ብቻ በቁጥር የሚጠሩ አሥራ አንድ ውሎች ተፈርመዋል። ችግሩ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ የተረዱት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። መንግሥት "መሬቱን አስረከቡን" አለ፤ ነባሮቹ "አብረን እንድንኖርበት ተስማማን" አሉ።

አንዱን ውል ተከትሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። በ1850 የሂዩሮንና የሱፒሪየር ሐይቆች አካባቢ የአኒሺናቤ ሕዝቦች ከዘውዱ፣ ማለትም ከመንግሥቱ፣ ጋር ሮቢንሰን የሚባሉትን ውሎች ፈረሙ። ከመሬቱ የሚገኘው ሀብት ሲጨምር ለሕዝቡ የሚሰጠው ዓመታዊ ክፍያም እንደሚጨምር ተጽፏል። በ1875 ክፍያው ለአንድ ሰው በዓመት አራት ዶላር ሆነ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ምድር እንጨት፣ ኒኬልና ወርቅ ሲወጣ ኖሮ አራት ዶላሩ ከመቶ ዓመት በላይ አራት ዶላር ሆኖ ቀረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2023 ለሂዩሮኑ ወገን የ10 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ይፋ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘውዱ የውሉን ቃል ለረጅም ዘመን እንዳልጠበቀ በአንድ ድምፅ ፈረደ። ነባር ሕዝቦች ስለ ውል ሲናገሩ ስለ ድሮ የሚያወሩ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ።

ከውሉ የከፋው በልጆቻቸው ላይ የደረሰው ነው። በ1876 የወጣው ኢንዲያን አክት የሚባለው ሕግ ማን ነባር እንደሆነ እስከ መወሰን ድረስ ሕይወታቸውን በመንግሥት እጅ አስገባ። ከ150,000 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው በመንግሥት ገንዘብ፣ በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት በሚተዳደሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ዓላማው ቋንቋቸውንና ማንነታቸውን ማስረሳት ነበር። በረሃብ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በድብደባ ሺዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ እዚያው ተቀበሩ። የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው፤ እዚያ ያለፉ ሰዎች ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ጁን 11 ቀን 2008 በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ የተጎጂዎችን ቃል ሰምቶ በ2015 መንግሥትና ኅብረተሰቡ ሊፈጽሟቸው የሚገቡ 94 ጥሪዎችን አቀረበ።

በዚህች አገር ለምንኖር ስደተኞች ይህ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም። የምንከራየው ቤት፣ የምንገዛው መሬት፣ የምንሠራበት ማዕድን በአብዛኛው በእነዚያ ውሎች ላይ የተቀመጠ ነው።

ልጄን ትምህርት ቤት አንዴ ብርቱካናማ ካናቴራ፣ አንዴ ቀይ አበባ አድርግ ይሉታል። ምንድን ናቸው?

ብርቱካናማው ሴፕቴምበር 30 የሚለበስ ነው። በ1973 ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አያቷ የገዙላትን ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሳ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ በመጀመሪያው ቀን ገፈፏት። አድጋ ታሪኩን ስትናገር ቀለሙ የመታሰቢያ ምልክት ሆነ፤ ከ2021 ጀምሮ ዕለቱ የእውነትና የዕርቅ ብሔራዊ ቀን ነው። ቀዩ አበባ ፖፒ ነው፤ ኖቬምበር 11 በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ በግራ ደረት ላይ ይደረጋል። በሴፕቴምበር የቴሪ ፎክስ ሩጫም ይኖራል። ቴሪ በካንሰር አንድ እግሩን ያጣ ወጣት ሲሆን በ1980 ለምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ በሰው ሠራሽ እግር በየቀኑ ሮጠ፤ 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ በሽታው ተመልሶበት ተንደር ቤይ አጠገብ ቆመ፤ በ1981 በ22 ዓመቱ አረፈ።

ኩቤክ ለምን ፈረንሳይኛ ትናገራለች? ለመገንጠልስ ለምን ፈለገች?

ፈረንሳዮች ቀድመው ስለሰፈሩ ነው። ሳሙኤል ደ ሻምፕላን ኩቤክ ሲቲን የቆረቆረው በ1608 ነው። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1759 ከከተማዋ ውጭ ባለው የአብርሃም ሜዳ ላይ እንግሊዞች አሸነፉ፤ የሁለቱም ወገን ጄኔራሎች ዎልፍና ሞንካልም በቁስላቸው ሞቱ። በ1763 ፈረንሳይ ግዛቱን ለብሪታንያ ለቀቀች።

አሸናፊው ግን ሕዝቡን በግድ እንግሊዝ ሊያደርገው አልቻለም፤ ቁጥሩ ብዙ ነበር። በ1774 በወጣው የኩቤክ ሕግ ካቶሊክ ሃይማኖታቸውንና የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸውን ይዘው እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። ካናዳ የምትባለው ነገር በእውነት የተጀመረችው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የተሸነፈው ሳይጠፋ ከአሸናፊው ጋር የሚኖርበት መንገድ ተገኘ። ለሁሉም አልሆነም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ከ1755 ጀምሮ በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ የነበሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አካዲያኖች በሺዎች ከቀያቸው በግዳጅ ተባርረዋል።

ኩቤክ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ንግዱና ከፍተኛው ሥራ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅ ነበር፤ ብዙኃኑ በገዛ ከተማው የበታችነት ይሰማው ነበር። ከዚያ ለውጥ መጣ። በ1969 ፌዴራል መንግሥቱ ሁለቱን ቋንቋዎች እኩል አደረገ፤ በ1977 ኩቤክ ፈረንሳይኛን የሥራና የትምህርት ቋንቋ የሚያደርገውን ሕግ 101 አወጣች። የስደተኛ ልጅ ሞንትሪያል ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ የሚማረው በዚህ ሕግ ነው። በ1980 ለመገንጠል ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከመቶ 60 የሚጠጋው "አይሆንም" አለ። በ1995 በድጋሚ ሲደረግ ከመራጩ 93 በመቶ በላይ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ፤ "አይሆንም" ያለው 50.58 በመቶ ነበር። አገሪቱን በአንድነት ያቆያት 54,000 ያህል ድምፅ ነው። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ከእኛ አካባቢ ለመጣ ሰው ይህ ቆም ብሎ የሚያዩት ነገር ነው።

ከፕሮቪንሶቹ ሁለቱም ቋንቋዎች በሕግ እኩል የሆኑበት ኒው ብራንዝዊክ ብቻ ነው፤ ፈተናው ላይ ይወዱታል።

ስለ ባቡር ሐዲዱ ለምን ይህን ያህል ይወራል?

ያለ ባቡር ምዕራቡ አይኖርም ነበር። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1871 የተቀላቀለችው የባቡር ሐዲዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊያልቅላት በተገባ ቃል ነው። የመጨረሻው ሚስማር ኖቬምበር 7 ቀን 1885 ክሬጌላኪ ላይ ተመታ። በምዕራቡ ተራራ ላይ ከ15,000 በላይ ቻይናውያን በዝቅተኛ ክፍያ ሠርተዋል፤ ዋሻው ሲፈርስና ፈንጂው ሲፈነዳ በመቶዎች ሞተዋል። ሐዲዱ ባለቀበት በዚያው ዓመት መንግሥት ወደ አገሪቱ በሚገባ እያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ የ50 ዶላር የራስ ግብር ጣለ፤ በ1903 ወደ 500 አደረሰው፤ ከ1923 እስከ 1947 ደግሞ ጨርሶ ዘጋባቸው። ይቅርታ የተጠየቁት በ2006 ነው።

በዚያው ኖቬምበር፣ ሚስማሩ ከተመታ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ የሜቲዎቹ መሪ ሉዊ ሪዬል ረጃይና ላይ ተሰቀለ። የቆዳ ነጋዴው የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ሰፊውን የምዕራብ ግዛት ለካናዳ ሲያስረክብ ነዋሪዎቹን የጠየቀ አልነበረም። ሪዬል በ1869 ሬድ ሪቨር ላይ ሕዝቡን አስተባብሮ ጊዜያዊ መንግሥት አቆመ፣ ተደራደረ፤ በ1870 ማኒቶባ ፕሮቪንስ ሆነች። ለሜቲ ልጆች 1.4 ሚሊዮን ኤከር መሬት ቃል ተገባ፤ መሬቱ ግን በመዘግየትና በተዝረከረከ አሠራር ከእጃቸው ወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘውዱ ግዴታውን አልተወጣም ብሎ የፈረደው በ2013 ነው። ለመንግሥት አመጸኛ የነበረው ሰው ዛሬ ማኒቶባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የሕዝብ በዓል አለው።

ካናዳ ውስጥ ባርነት ነበር? ጥቁሮችስ መቼ መጡ?

ነበር። በፈረንሳይም በእንግሊዝም ዘመን ነባር ሰዎችና ጥቁሮች በባርነት ተይዘዋል። በ1793 የዛሬዋ ኦንታሪዮ አዲስ ባሪያ እንዳይገባ ከለከለች፤ በብሪታንያ ግዛቶች ሁሉ ባርነት የቀረው በ1834 ነው። ከዚያ በኋላ ነው በሥውር መንገድ ከአሜሪካ ያመለጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች የተሻገሩት። ቀደም ብለውም በ1783 ለእንግሊዝ ወግነው የነበሩ 3,000 ያህል ጥቁሮች ኖቫ ስኮሺያ ሰፍረዋል፤ የተሰጣቸው መሬት ድንጋያማ ስለነበርና ቃሉ ስላልተጠበቀ በ1792 ወደ 1,200 የሚሆኑት ወደ ሴራሊዮን ሄዱ።

ነጻነቱ እኩልነት አልነበረም። በኖቬምበር 1946 ቫዮላ ዴዝመንድ የተባለች ነጋዴ ኒው ግላስጎ ውስጥ ሲኒማ ቤት የነጮች መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፤ ጎትተው አወጧት፣ አሰሯት። የተከሰሰችው በሁለቱ ትኬቶች ግብር መካከል ባለው የአንድ ሳንቲም ልዩነት ነው። ምሕረት የተሰጣት በ2010፣ ከሞተች ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ከ2018 ጀምሮ ምስሏ በአሥር ዶላር ኖት ላይ አለ። ኪስዎ ውስጥ ካለ አውጥተው ይዩት።

ለአፍሪካውያን በሩ የተከፈተው መቼ ነው? ከኢትዮጵያ ጋር ያላትስ ግንኙነት?

እስከ 1962 ድረስ የኢሚግሬሽን ደንቡ በዘር ይመርጥ ነበር። በ1967 የነጥብ ሥርዓት መጣ፤ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ ዕድሜና ሙያ ነጥብ ሆኑ። በ1971 የመድብለ ባህል ፖሊሲ ታወጀ፤ በ1988 ሕግ ሆነ። በ2021 ቆጠራ ከካናዳ ነዋሪ 23 በመቶው በስደት የመጣ ነው።

ለእኛ ሰው ትልቁን በር የከፈተው ግን ስፖንሰርሺፕ ነው። በ1978 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ተራ ዜጎች፣ አብያተ ክርስቲያናት ወይም አምስት ሰዎች ተሰባስበው ስደተኛ ማምጣትና ለአንድ ዓመት መደገፍ ቻሉ። በመጀመሪያ የቬትናም፣ የካምቦዲያና የላኦስ ስደተኞች መጡበት፤ በ1986 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ለስደተኞች ለደከሙ የሚሰጠውን የናንሰንን ሜዳልያ ለካናዳ ሕዝብ ሰጠ። ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የቆዩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በዚህ መንገድ ገብተዋል። የቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና የእንጀራና የቡና ቤቶች የዚያ ትውልድ ሥራ ናቸው።

ግንኙነቱ ግን ከዚያ ይቀድማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከኩቤክ ለመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን አደራ ሰጡ። ከእነሱ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አቋቁመው መሩት፤ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። በ1967 ንጉሠ ነገሥቱ ካናዳን ጎብኝተው ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያም እዚያ የራሷ ድንኳን ነበራት።

ሕክምናው በእርግጥ ነጻ ነው?

ሐኪም ቤትና ሆስፒታል ሲሄዱ አይከፍሉም፤ የሚከፈለው ከግብር ነው። ይህን የጀመሩት የሳስካችዋኑ መሪ ቶሚ ዳግላስ ናቸው፤ ዕቅዱ በ1962 ሲጀመር ሐኪሞች 23 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱ ግን ጸና። በ1966 ፌዴራል መንግሥቱ ለሁሉም ፕሮቪንስ ድጋፍ ሰጠበት። ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ መነጽርና ጥርስ ግን በአብዛኛው በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ወይም ከኪስ ነው። የጥርስ ኢንሹራንስ ለሌለው፣ የቤተሰብ ገቢው በዓመት ከ90,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰው አሁን የፌዴራል የጥርስ ዕቅድ አለ፤ ያመልክቱ። ልዩ ሐኪም ለማየት ወራት መጠበቅ አለ፤ ካናዳውያን ራሳቸው በዚህ ያማርራሉ።

የዜግነት ፈተናው ምን ይጠይቃል?

ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 54 የሆኑ አመልካቾች ይፈተናሉ። 20 ጥያቄ ነው፤ 15 ያገኘ ያልፋል። የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። መመሪያ መጽሐፉን መንግሥት በድረ ገጹ በነጻ ያወጣዋል፤ እሱን ለሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ።

ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ዋና ከተሞች ናቸው፤ ትልቁ ከተማ ዋና ከተማ ይመስላል። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቪክቶሪያ ናት እንጂ ቫንኩቨር አይደለችም። የአልበርታ ኤድመንተን፣ የሳስካችዋን ረጃይና፣ የኩቤክ ራሷ ኩቤክ ሲቲ፣ የኒው ብራንዝዊክ ፍሬድሪክተን ናት። የራሳችሁን የፌዴራል ተወካይ፣ የፕሮቪንሳችሁን መሪና የከተማችሁን ከንቲባ ስምም ያዙ። ሴቶች በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1918 ነው፤ ማኒቶባ በ1916 ቀድማለች፣ ኩቤክ እስከ 1940 ዘግይታለች። ኒውፋውንድላንድ የመጨረሻዋ ተቀላቃይ ናት፣ በ1949። ሜፕል ቅጠል ያለበት ባንዲራ የተሰቀለው ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1965 ነው። ኢንሱሊንን ቶሮንቶ ውስጥ ያገኙት ባንቲንግና ቤስት ናቸው።

ካለፉ በኋላ ቃለ መሐላ አለ። ለንጉሡ ታማኝነት የሚገባበት ነው። ከጁን 2021 ጀምሮ ግን ሕገ መንግሥቱ የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑይትንና የሜቲን ነባርና የውል መብቶች እንደሚያውቅና እንደሚያጸና የሚናገር ዐረፍተ ነገር ተጨምሮበታል። ይህ የዕርቅ ኮሚሽኑ የመጨረሻ፣ 94ኛው ጥሪ ነበር። አዲስ ዜጋ የሚሆን ሁሉ ቃሉን በአንደበቱ ይላል።